ዘጠኝ ዙር መዳብ

ነገሩ የሚያምረው በራጅ ሲታይ ነው። ከውጭ ሲያዩት ፕላስቲክ የለበሰ፣ እጀታ ያለው፣ ስምንት ቁጥር የመሰለ ዕቃ ነው። ወፍራም ገመድ ተያይዞበታል። ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው ምንነቱን ሳያውቅ አልፎት ይሄዳል። ራጅ ሲነሣ ግን ፕላስቲኩ ይጠፋና መዳቡ ብቻ ይቀራል፦ ጎን ለጎን የተኙ፣ መሐል ላይ የሚገናኙ ሁለት ክብ ጥቅሎች፣ እያንዳንዳቸው 9 ዙር። በዙሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከውስጥ እስከ ውጭ እኩል ነው። የውስጠኛው ክብ ስፋት አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ የውጭኛው ዘጠኝ የሚጠጋ። ሽቦው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በዓይን መከተል ይቻላል። ማግስቲም የተባለው የዌልስ ኩባንያ ለዓመታት ሲሠራው የኖረው ባለ 70 ሚሊ ሜትር ኮይል ይህ ነው። ይህና ወንድሞቹ ናቸው በመድኃኒት አልለቅ ያለን ድባቴ ለማከም ሰው ራስ ላይ የሚደገኑት።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ይህን ራጅ ቢያይ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ምነው ዙሩ አነሰ?» የሚል ይመስለኛል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም በሞተር ነው የሚኖሩት፤ ከየገጠሩም የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር እየተቃጠለ ይመጣል። ባለሙያው የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ ዙሩን ይቆጥራል፣ ውፍረቱን ይለካል። የብረቱን ቦዮች በማገጃ ወረቀት ያለብሳል። ከዚያ ቀጭኑን ሽቦ እየደረደረ ብዙ ዙር ያስገባል፣ ቫርኒሽ ያጠጣል፣ በሙቀት ያደርቃል፣ በሜገር ይፈትሻል። ዙር ካጎደለ ሞተሩ ይግላል፤ ካበዛ ጉልበት ያንሰዋል። ሽቦው ሲገባ ልባሱ አንድ ቦታ ላይ ከተፋቀ የቀኑ ሥራ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይገባዋል።

መልሱ ጊዜ ነው። ሞተር ሲዞር የሚውል ዕቃ ነው፤ በልኩ ኮረንቲ እየወሰደ ቀኑን ይገፋል። ይህ ኮይል ግን በአንድ ጊዜ የሚሠራው ከሺህኛ ሰከንድ ለማይበልጥ ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ያልፍበታል። ዙር በበዛ ቁጥር ጥቅሉ የኮረንቲውን ለውጥ ይቃወማል፤ ኮረንቲው ለመነሣት ይዘገያል። ዘግይቶ የተነሣ ኮረንቲ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ስለዚህ ዙሩ ጥቂት፣ መዳቡ ወፍራም ሆነ። በአንዳንዱ ኮይል ውስጥ ሽቦው ክብ እንኳ አይደለም፤ ጠፍጣፋ የመዳብ ጥብጣብ በጠርዙ ቆሞ ይጠቀለላል።

ስለዚህ ሕክምና የሚያወራ ሰው ወይ ተአምር ያደርገዋል ወይ ማጭበርበሪያ። እኔን የያዘኝ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሥራው ቁጥብ ነው። የሚፈለገውን ያህል ኃይል፣ በሚፈለገው ስፍራ፣ ለምትፈለገው ቅጽበት ብቻ፤ ከዚያ ማቆም። ይህን ቁጥብነት ለማግኘት አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ግድም ፈጅቷል።

መነሻው እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን ውስጥ ነው። ማይክል ፋራዴይ ውፍረቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል፣ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የብረት ቀለበት ወስዶ በሁለት ወገን መዳብ ሽቦ ጠቀለለበት። ያን ጊዜ ልባስ ያለው ሽቦ ከሱቅ አይገዛም ነበር። ዙር ከዙር እንዳይነካካ በመካከሉ ሲባጎ አስገባ፤ አንዱን ድርብ ከሌላው በአቡጀዲ ለየው። አዎ፣ አቡጀዲ! የዓለምን ትራንስፎርመሮች ሁሉ የወለደው ዕቃ ሥጋው መዳብና ብረት ሲሆን ቆዳው ጥጥ ነው። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ቀለበቱን ቢያየው ቢያንስ ግማሹን ያውቀዋል። ቀለበቱ ዛሬም ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጧል፤ ፎቶውን ያየ ሰው የፋራዴይን እጅ ያያል። ጨርቁ በጥንቃቄ የታጠፈ፣ ሲባጎው የጠበቀ ነው። ቁንጅናው ለማሳየት የታሰበ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቅ ሰው የተወው ነው።

ፋራዴይ በዚያ ቀን ያየው ነገር ይህን ሕክምና ለመረዳት ይበቃል። ባንደኛው ጥቅል ባትሪ ሲያገናኝ፣ በሌላኛው ወገን ያለችው መርፌ ዘለለች፤ ከዚያ ባትሪው እንደተገናኘ ቢቆይም ወደ ቦታዋ ተመልሳ ጸጥ አለች። ባትሪውን ሲነቅል እንደገና ዘለለች። ማግኔት መኖሩ ብቻውን ኮረንቲ አይፈጥርም፤ ኮረንቲ የሚፈጥረው የማግኔቱ መለወጥ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው የማግኔት አምባርና ቀበቶ ሕመም ይነቅላል የሚባለው ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቀኑን ሙሉ ያለ ለውጥ የተቀመጠ ማግኔት አንጎል ውስጥ ኮረንቲ አያስነሣም።

ሰዎች ራሳቸውን ጥቅል ውስጥ መክተት የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ ዳርሶንቫል፣ በ1910 እንግሊዝ ውስጥ ሲልቫነስ ቶምሰን፣ ግዙፍ ጥቅል ሠርተው ጭንቅላት በውስጡ ሲገባ የሚብለጨለጭ ብርሃን እንደሚታይ ጻፉ። ብርሃኑ የመጣው ከአንጎል ሳይሆን ከዓይን መጋረጃ እንደሆነ በኋላ ታወቀ። ኃይል ነበራቸው፤ ፍጥነት ግን አልነበራቸውም።

ፍጥነቱ የተገኘው ሼፊልድ ነው፤ እሷም እንደ ኮምቦልቻ የብረት ከተማ ናት፣ በቢላዋና በማንኪያ የታወቀች። አንተኒ ባርከር የሚባል የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ከሬዛ ጃሊኑስና ከኢያን ፍሪስተን ጋር ሆኖ የሠራውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። ማሽኑ ጭንቅላት ላይ ሲደገን የእጅ ጣት ብድግ ይላል። ከዚያ አምስት ዓመት በፊት መርተንና ሞርተን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህንኑ በቀጥታ ኤሌክትሪክ አድርገውት ነበር። ጣቱ ተንቀሳቅሷል፤ ሰውየው ግን ይታመማል። ኤሌክትሪክ አጥንት ለመሻገር ስለሚቸገር አብዛኛው የራስ ቆዳው ላይ ይቀራል፤ ቆዳው ደግሞ ሕመም የሚሰማው ነው። መግነጢስ ግን አጥንትን ከነመፈጠሩ አያውቀውም። እንደሌለ አልፎት ይገባና ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ውስጥ ከደረሰ በኋላ ነው። ባርከር ማሽኑን ይዞ ለንደን ሄዶ ለእነዚያው ለመርተንና ለሞርተን ሰዎች አሳያቸው። ሕመሙን ራሳቸው ያውቁት ስለነበር ልዩነቱን ከእነሱ የበለጠ ሊመሰክር የሚችል አልነበረም።

የሼፊልዱ ኮይል ግን ተራ ክብ ነበር። ክብ ጥቅል መሐሉ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ነው የሚሠራው፤ አንጎል ውስጥ የቀለበት ቅርጽ ያለው ሰፊ ስፍራ ይነካል። አንዲት ነጥብ ልንካ ለሚል ሰው አይመችም። እዚህ ላይ ነው እኔ ኮፍያዬን የማነሣው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓናዊው ሾጎ ኡኤኖና ባልደረቦቹ ሁለት ክብ ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርገው ኮረንቲው በአንዱ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ እንዲዞር አደረጉ። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በክንፎቹ ሥር የሚነሣው ደካማ ነው፤ በመገናኛው ሥር ያለው ይደመርና ይበረታል። ምንም አዲስ ነገር አልተጨመረም፤ ተጨማሪ ቮልት የለም፣ ተጨማሪ ብረት የለም፤ ሁለተኛው ጥቅል ብቻ ተገልብጦ ተጠቀለለ። በዚህች መገልበጥ የተነካው ስፍራ ወደ ሚሊ ሜትሮች ጠበበ። ሞተር የሚጠቀልል ሰው ጥቅል መገልበጥ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ አንድ ጥቅል ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይዞርም። እዚያ ስሕተት የሚባለው እዚህ የጥበቡ እምብርት ሆነ።

ከኮይሉ ጀርባ ያለው ሳጥን እንደ ኮይሉ አያምርም፤ የአድናቆቱ ድርሻ ግን አይቅርበት። ውስጡ በሺህ የሚቆጠር ቮልት የሚሞላ ካፓሲተር አለ፤ ታይሪስተር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ በር ይከፈትና ያ ሁሉ ክምችት በኮይሉ ውስጥ ይወርዳል። የኮይሉ ፊት ላይ አንድ ቴስላ ተኩልና ከዚያ በላይ መግነጢስ ይነሣል፤ ይህም ሆስፒታል ውስጥ ያለ ኤምአርአይ የሚሠራበት መጠን ነው፣ ለቅጽበት ብቻ መሆኑ ይለየዋል። ከዚያ ምን ይሆናል? የልጆች ዥዋዥዌ ተገፍቶ ሄዶ ተመልሶ እጅ ላይ እንደሚደርሰው ኃይሉ በኮይሉ አልፎ ወደ ካፓሲተሩ ይመለሳል። በትክክል በተመለሰባት ቅጽበት በሩ ይዘጋል። የጠፋው ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ የቀረው ብቻ ነው፤ ሌላው ለሚቀጥለው ምት ተቀምጧል። በሰከንድ 10 ጊዜ፣ አልፎም በሰከንድ 50 ጊዜ እያከታተሉ መምታት የተቻለው በዚህ ነው። ኃይሉን እየደፋ የሚሠራ ማሽን ቢሆን ከግድግዳው ሶኬት ይህን ያህል ማግኘት አይታሰብም ነበር።

ድምፅም አለው። በእያንዳንዱ ምት መዳቡ ራሱን በራሱ ይገፋል፤ ዙሮቹ ሊበታተኑ ይታገላሉ፤ የያዛቸው ሬዚን አይለቅም። ያ ትግል ቀጭ የሚል፣ ሹል፣ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ታካሚውም አካሚውም ጆሮ መድፈኛ ያደርጋሉ። በሬዚኑ ውስጥ በሺህ ቮልት የተሞላ መዳብ፣ ከሬዚኑ ውጭ የሰው ራስ አለ። የኮምቦልቻው ባለሙያ 9 ዙር መጠቅለል አያቅተውም፤ ያለቀ ኮይል ግን እሱ ዘንድ ሄዶ አይጠገንም። ሞተር ላይ ልባሱ ቢሳሳ የሚቃጠለው ሞተር ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኮይሉ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ እጅ ላይ አለ።

አካሚው መጀመሪያ የሚፈልገው ድባቴውን ሳይሆን አውራ ጣትን ነው። ታካሚዋ ወንበር ላይ ተደግፋ ትቀመጣለች። «እማማ፣ ቀኝ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉት፣ ዘና ያድርጉት» ትላታለች ነርሷ። ኮይሉ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ መሐል አናት ሲሄዱ ባለው ስፍራ ይያዛል፤ እጀታው ወደ ኋላና ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። አንድ ምት። ምንም የለም። ትንሽ ወደፊት፣ ሌላ ምት። ጠቋሚ ጣት። ትንሽ ወደ ጎን። አውራ ጣት ብድግ! እዚያ ይቆማል። ከዚያ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ከ10 ምት በ5ቱ ብቻ አውራ ጣት የሚያንቀሳቅሰው የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን እስኪገኝ። ያ የዚያች ሴት መለኪያ ነው፤ ከልጇም ከጎረቤቷም የተለየ። የሕክምናው መጠን ከዚያ ይሰላል፣ ብዙ ጊዜ 120 በመቶ።

በጣም የምወደው ይህን ነው። በሽታው በማይታይበት ሕክምና ውስጥ አንዲት የምትታይ ጣት ምስክር ሆና ትጠራለች።

ቀጥሎ ከአውራ ጣቱ ነጥብ ወደ ግንባር መሄድ ነው፤ በስተግራ ግንባር ሥር ወዳለው፣ ድባቴ ውስጥ ሥራው ይደክማል ወደሚባለው የአንጎል ክፍል። የድሮው ደንብ «5 ሴንቲ ሜትር ወደፊት» የሚል ነበር፤ ለሰው ሁሉ 5። የሰው ራስ ግን አንድ ልክ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢም የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሌላ ዘዴ አወጡ፦ ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት አጥንት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ የራስ ዙሪያ፤ ሦስት ልክ። መሣሪያው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሦስቱን ቁጥር ለቀላል ፕሮግራም ሲሰጡት የት እንደሚደገን ይናገራል። ደሴ ፒያሳ ያለ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ከዚህ የረቀቀ ልክ ይወስዳል፤ ትከሻ ከራስ ይከብዳልና።

በኤምአርአይ ማለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፎክስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የተሻለ ውጤት የሚገኘው ከአንጎል ሥር ካለ ጥልቅ ስፍራ ጋር በተወሰነ መንገድ የተያያዘው የገጽታ ነጥብ ሲነካ መሆኑን አሳዩ። ያን ጥልቅ ስፍራ ተመራማሪዋ ሔለን ሜይበርግ ቀድማ ከድባቴ ጋር አገናኝታዋለች። ኮይሉ ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይዘልቅም፤ ጥልቁን የሚያገኘው በዘመዱ በኩል ነው ማለት ነው። ሐሳቡ ያምራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዝ ውስጥ በ255 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በግንኙነት ካርታ ለእያንዳንዱ ሰው የታለመውን፣ በተለመደው የኤምአርአይ ምስል ከታለመው ጋር ቢያወዳድር ብልጫ አላገኘም። ሁለቱም ወገን ተሻለው። የረቀቀ ካርታ ሁልጊዜ የተሻለ እጅ አይሆንም።

ስለ ውጤቱ ሳላጋንን ልናገር። ድባቴ በመድኃኒት እንቢ አለ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሁለት መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮ ሳይሻል ሲቀር ነው። አሜሪካ ውስጥ አራት ሺህ ገደማ ሰዎችን ይዞ የተካሄደ ትልቅ ጥናት አራት ዙር ሕክምና ተከታትሎ ከተሰጠ በኋላ እንኳ ከሦስት አንድ ያህሉ እንደማይድን ገምቷል፤ ግምቱ ለጋስ ነው ብለው የተከራከሩም አሉ። የማግኔቱ ሕክምና የመጣው ለእነዚህ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ጆርጅ በ6 ሰዎች ሞከረው፤ በ2007 የ301 ሰዎች ጥናት ወጣ፤ በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2010 በ190 ሰዎች በተደረገው ጥናት ሙሉ በሙሉ የዳኑት በእውነተኛው ኮይል 14 በመቶ፣ በሐሰተኛው 5 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ግድም ነው፤ ግን ከመቶ 86ቱ አልዳኑም። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር የማይናገር ሻጭ ካጋጠመ ደግሞ መጠየቅ ነው።

ሐሰተኛ ኮይል ስል እሱም የእጅ ሥራ ነው፤ ማንም አያመሰግነውምና እኔ ላመስግነው። ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ከታካሚዎቹ እኩሌቶቹ የማይሠራ ኮይል ሊደገንባቸው ይገባል፤ እነሱም አካሚውም እንዳያውቁ። ስለዚህ እውነተኛውን የመሰለ፣ ያንኑ ቀጭታ የሚያሰማ፣ ራስ ቆዳ ላይ ያንኑ መነካት የሚፈጥር፣ አንጎል ግን የማይደርስ ዕቃ መሠራት ነበረበት። መግነጢሱን የሚከልል፣ በትናንሽ ኤሌክትሮዶች ቆዳውን የሚነዝር፣ ድምፁን የሚያስመስል። በጥንቃቄ የተሠራ ውሸት ባይኖር እውነቱ አይታወቅም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሕክምናው በቀን 37 ደቂቃ ተኩል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነበር፤ በአንድ ቀጠሮ 3,000 ምት። እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳውያን 414 ሰዎችን ይዘው ያን በ3 ደቂቃ፣ 600 ምት ብቻ ከሚያልቅ ፈጣን ስልት ጋር አወዳደሩ። ምቱ ሦስት ሦስት እየሆነ በጥድፊያ ይመጣል፣ ለ2 ሰከንድ፤ ከዚያ 8 ሰከንድ ዝምታ። ሙሉ በሙሉ የዳኑት በአጭሩ 32 በመቶ፣ በረጅሙ 27 በመቶ፤ አጭሩ ከረጅሙ አያንስም ተባለ። ይኸው ቁጥብነት እንደገና። ባለ 37 ደቂቃው ቀስ እያለ ይሠራ የነበረውን ምቱን በማስተካከል ብቻ በ3 ደቂቃ ጨረሱት።

አሁን ወደ አገራችን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወደሚወጣው የሐረጎ መንገድ እንመለስ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ሪፈራል ሆስፒታሉ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተዘርፎና ተሰባብሮ፣ ከዚያ ተነሥቶ የሚሠራ ነው። ይህ ማሽን እዚያ ተተክሎ አላየሁም። ድባቴ ይዞት የሚመጣ ሰው፣ ብዙ ጊዜ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል» ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ በፊት ጠበል ደርሶ፣ ወዳጃ ተቀምጦለት፣ ዱዓ ተደርጎለት ሊሆን ይችላል። የሚያገኘው አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክስቲን ነው፣ ጥሩ ጆሮ ያለው ባለሙያ ከገጠመው ደግሞ ምክር።

ማሽኑ ይምጣ ቢባል እንደ እጅ ሥራ ተመልካች የምጨነቀው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ፀጉር። ኮይሉ ከራስ ቆዳ በራቀ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከማሽኑ አቅም 3 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈለጋል። ወፍራም ሹሩባ ሚሊ ሜትሮች ነው። ሹሩባው መፈታት ወይም ኮይሉ በመስመሮቹ መካከል መቀመጥ አለበት፤ ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታወልቅ ሴት ደግሞ የተከለለ ክፍልና ሴት አካሚ ትፈልጋለች። መመሪያ መጽሐፎቹ የተጻፉት በአብዛኛው ቀጥ ያለ ፀጉር ላላቸው ሰዎች ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህን ያላሰበ ሰው አውራ ጣት ሲፈልግ ይውላል።

ሁለተኛው ፍንጣሪ። ራስ ውስጥ ወይም ራስ አጠገብ ብረት ያለበት ሰው ይህ ሕክምና አይደረግለትም፤ ብረቱ ሊግል ወይም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ሌላ አገር ይህ ጥያቄ ለጥቂት ሰዎች የሚነሣ ነው፦ የደም ሥር ቅንጥብ፣ ጆሮ ውስጥ የተተከለ መስሚያ። ጦርነት ባለፈበት ምድር ግን መጀመሪያ የሚጠየቅ ይሆናል። ጥያቄውም «ብረት አለብዎ?» ቢባል አይበቃም፤ ፍንጣሪ ራሱን ሳይገልጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ በጥርጣሬ ራጅ ማንሣት ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ ይለያል፤ ሕክምናው ራሱ የሚጥል ነገር የሚያስነሣው ከሺህ ታካሚ ከአንድ ባነሰ ነው፣ ግን አይረሳም።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ሴት በየቀኑ ደሴ ወጥታ ብትመለስ 50 ኪሎ ሜትር፤ 30 ጊዜ ሲሆን 1,500። አዲስ አበባ ሁለቴ ደርሶ ለመመለስ ትንሽ የሚጎድለው። ሕክምናው 3 ደቂቃ ሆነ 37፣ ሚኒባሱ ያው ነው። ከወግዲ ወይም ከከላላ የሚመጣውማ አይነሣ። ስለዚህ ለዚህ አገር ከ3 ደቂቃው ይልቅ ትልቁ ዜና የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው፦ በቀን 10 ቀጠሮ፣ በየቀጠሮው መካከል 50 ደቂቃ ዕረፍት፣ በጠቅላላው 5 ቀን፣ 90,000 ምት። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናታቸው ከእውነተኛው ኮይል ወገን አራት አምስተኛ ያህሉ ድነዋል ተብሏል፤ ተሳታፊዎቹ ግን 29 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ፈቀደችው። 29 ሰው ለደስታ ይበቃል፣ ለድምዳሜ ግን ገና ነው።

ስሌቱ ግን ደሴን ይመጥናል። አንዱ ቀጠሮ 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ቀሪው ዕረፍት። በዕረፍቱ ማሽኑ ሌላ ሰው ይይዛል፤ አቀማመጡን አስቦ በሰዓት 4 ሰው። ከገጠር የመጣው ዘመድ ቤት ወይም አልጋ ይዞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይቆያል፤ የመብራት መቆራረጥ እንዳያቋርጠው ጠንካራ ዩፒኤስ ይደረጋል። በሳምንት 4 ሰው ጨርሶ ይሄዳል።

የስታንፎርዱ ጥናት እያንዳንዱን ሰው ያለመው በኤምአርአይ ነበር። ያው የ5 ቀን ሕክምና በሜትር ብቻ ቢታለም ምን ያህል ይሠራል? ይህ ደሴ ራሷ ልትመልሰው የምትችለው ጥያቄ ነው። የድባቴ መጠን የሚለካበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ላይ በ926 ተመላላሽ ታካሚዎች ተፈትሿል፤ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እንግዲህ የሚፈለገው ኮይሉ ከነሐሰተኛ ወንድሙ፣ የልብስ ሰፊው ሜትርና ያ ቅጽ ነው። ሜትሩና ቅጹ ደሴ አሉ።